ከመፈረምሽ በፊት ሰኞ ጠዋት ሂጂበት

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ባለቤትሽና ትንሿ ልጃችንስ እንደምን አላችሁ? እኔና እናትሽ ደህና ነን፤ የእናትሽ ጉልበትም ካለፈው ወር በጣም ተሽሎታል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ወንድምሽ ትናንት ማታ በስልክ የነገረኝ ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው። ከከተማው ዳር ያለውን፣ ግቢው ሰፊ የሆነውን ቤት እንደወደዳችሁት፣ ቀብድ ልትከፍሉና በመጪው ሐሙስ ውል ልትፈራረሙ እንደሆነ፣ ቤቱንም ያያችሁት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም እሑድ ከሰዓት በኋላ መሆኑን ነገረኝ። ደላላው ከሥራ ቦታሽ 35 ደቂቃ ነው ብሏችኋል አሉ። ሰውየው ዋሽቷል ማለቴ አይደለም፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ 35 ደቂቃ ሊሆን ይችላል። አንቺ ግን ሥራ የምትገቢው እሑድ ከሰዓት በኋላ አይደለም።

ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ከመጻፌ በፊት ዋናውን ልንገርሽ። ውሉን ከመፈረምሽ በፊት በዚያ መንገድ ሰኞ ጠዋት ሂጂበት። ከቤቱ በር ላይ ቆመሽ፣ ለሥራ መነሣት ባለብሽ ሰዓት ተነሥተሽ፣ እስከ መሥሪያ ቤትሽ በር ድረስ ሂጂ፤ ማታም በመውጫ ሰዓት ተመለሺበት። የጉዞውን ጊዜ ብቻ ሳይሆን መጓጓዣ እስክታገኚ የቆምሽበትንና በእግርሽ የሄድሽውንም ቁጠሪው። በሰው መኪና አትሂጂ፤ ወደፊት በየቀኑ በምትሄጂበት ሂጂ።

ቤቱን ለምን እንደወደድሽው አላጣሁትም። በሁለት ጠባብ ክፍል ውስጥ ልጅ ማሳደግ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ትንሿ በሮጠች ቁጥር ከታች ያሉት ጎረቤቶች ጣሪያውን ሲመቱ አንቺ እንዴት እንደምትሸማቀቂ ባለፈው በመጣን ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጅ መሮጫ፣ አንቺም በሩን ዘግተሽ የምታርፊበት ክፍል ያስፈልግሻል። ይህ ምኞት ቅንጦት አይደለም፤ ስለ እርሱም ማንም ሊወቅስሽ አይገባም። እኔም ቤታችንን ስገዛ የተመኘሁት ይህንኑ ነበርና ልወቅስሽ አልችልም።

ለ28 ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ክብ በክብ ላይ እየደረብኩ የማስረዳው አንድ ትምህርት ነበር። ጀርመናዊው ዮሃን ሃይንሪክ ፎን ቱነን እ.ኤ.አ. በ1826 እንዳስረዳው፣ መሬት ከገበያው በራቀ ቁጥር ኪራዩ የሚቀንሰው ምርቱን ወደ ገበያ ለማድረስ የሚወጣው ወጪ ስለሚጨምር ነው። እርሱ የጻፈው ስለ እርሻ መሬት ቢሆንም ከእርሱ በኋላ የመጡ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ሐሳቡን ለከተማ መኖሪያም ተጠቅመውበታል። ዳር ላይ ያለ ቤት የሚረክሰው ሻጩ ስለራራልሽ አይደለም፤ የቀረውን ዋጋ በየቀኑ መንገድ ላይ ስለምትከፍዪው ነው። ይህን ለስንት ተማሪ አስተማርኩ፤ የራሴን ቤት በገዛሁ ጊዜ ግን ግቢውንና ከበሩ አጠገብ ያለውን ትልቅ ዛፍ አየሁና ረሳሁት። መንገዱን በሥራ ቀን አልሄድኩበትም። እናትሽ «አንድ ቀን ጠዋት ሞክረው» ብላኝ ነበር፤ እኔ ግን ሌላ ገዢ ይቀድመኛል ብዬ ቸኮልኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንቺ በልጅነት ዓይን አይተሽዋል፤ በእኔ በኩል የነበረውን ግን ነግሬሽ አላውቅም። ከቤት የምወጣው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ነበር። የቤቱን ዕዳ ለመክፈል የማታ ትምህርትም አስተምር ስለነበር የምመለሰው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ስወጣም ስገባም ተኝታችኋል። ጠዋት እንዳልቀሰቅሳችሁ ጫማዬን በእጄ ይዤ በባዶ እግሬ እስከ ውጪው በር እሄድና ደረጃው ላይ ተቀምጬ አጠልቀው ነበር። አንድ ቀን ቀኝ እግሬን ሳስገባ ተረከዜን ጠጠር የመሰለ ነገር ወጋኝ። አውጥቼ ባየው ከሒሳብ ደብተር የተቀደደ፣ አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት ነው፤ ብፈታው ውስጡ ትንሽ ጥርስ አለ፤ ወረቀቱ ላይም በእርሳስ «አባዬ ጥርሴ ወለቀ» ተብሎ ተጽፏል። ያኔ ስድስት ዓመትሽ ነበር። ጥርሱን በመሐረቤ ጠቅልዬ ቀኑን ሙሉ በደረት ኪሴ ይዤው ዋልኩ። ጥርሱ የወለቀው ማክሰኞ ነው፤ ክፍተቱን ያየሁት ግን ቅዳሜ፣ ስትስቂ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጫማዬ ውስጥ ጻፍሽልኝ፤ እኔም እየመለስኩ ያንቺ ጫማ ውስጥ አኖር ነበር። የተጣላሻትን ጓደኛሽን፣ የወደድሻትን መምህርት፣ ጨለማ እንደምትፈሪ፣ ይህን ሁሉ የማውቀው ከእነዚያ ቁራጮች ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ በአንድ እጄ ብረቱን፣ በሌላው ወረቀቱን ይዤ እያነበብኩ። የእጅ ጽሑፍሽ ሲያምር አየሁ፤ ድምፅሽ ሲለወጥ ግን አልሰማሁም። አሥራ አንድ ዓመት ሲሆንሽ አንድ ጠዋት ጫማው ባዶ ነበር። ሁለቱንም ገልብጬ አራገፍኳቸው፣ ደረጃውንም በእጄ ዳበስኩት። በማግስቱም ባዶ ነበር። ለምን እንደተውሽ አልጠየቅኩሽም፤ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ለመጠየቅ ግን ነቅተሽ ማግኘት ነበረብኝ።

ይህን የምነግርሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም። በቀን 3 ሰዓት መንገድ ላይ ነበርኩ። በዓመት 200 የማስተማሪያ ቀን ብናስብ 600 ሰዓት ይሆናል፤ ይኸውም ሌሊቱን ጨምሮ 25 ሙሉ ቀን ነው። በዚያ ቤት በኖርንባቸው 17 ዓመታት 425 ቀን፣ ማለትም አንድ ዓመት ከሁለት ወር መንገድ ላይ ቆሜ አሳልፌያለሁ። አንቺ ደግሞ የመምህር ዕረፍት የለሽም። በዓመት 240 ቀን ሥራ ብትሄጂ፣ በአንድ ጉዞ ላይ 10 ደቂቃ ብቻ ቢጨመር በዓመት 80 ሰዓት ይሆናል፤ ይህም 10 ሙሉ የሥራ ቀን ነው። ደላላው «አሥር ደቂቃ ምን አላት» ሲልሽ ይህን ሒሳብ አስቢ። ሰኞ ጠዋት ሂጂበት የምልሽ ይህን ቁጥር በራስሽ ሰዓት እንድትለኪው ነው።

የስዊዘርላንድ ምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ብሩኖ ፍራይና አሎይስ ሽቱትሰር እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጡት ጥናት ልቤን ነክቶት ነበር። ሰው ሩቅ የሚመላለሰው በርካሽ ቤት ወይም በተሻለ ደመወዝ ስለሚካስ ነው የሚለውን ግምት የጀርመን ቤተሰቦች ለዓመታት በሰጡት መልስ ሲፈትሹት፣ ረጅም መንገድ የሚመላለሱት ሰዎች በሕይወታቸው ያላቸው እርካታ በአማካይ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ካሳው አልሞላም ማለት ነው። ለምን እንደሆነ እኔ በራሴ አይቼዋለሁ፤ ሰፊ ሳሎን በሦስተኛው ወር ይለመዳል፣ ዓይን አያየውም። መንገድ ግን አይለመድም፤ አንድ ቀን 50 ደቂቃ፣ በማግስቱ ሁለት ሰዓት ይሆናልና። ስለዚህ ርዝመቱን ብቻ አትለኪ፤ አለመታወቁንም ለኪ። ሁልጊዜ 50 ደቂቃ የሆነ መንገድ አንዳንዴ 30፣ አንዳንዴ 90 ከሚሆነው ይሻላል፤ በመጀመሪያው ለልጅሽ «በዚህ ሰዓት እመጣለሁ» ብለሽ ቃል መግባት ትችያለሽ።

ቤታችን መውጫው አንድ መንገድ ብቻ እንደነበረ ታስታውሻለሽ። ወንድምሽ ትኩሳት የያዘው ሌሊት አንቺ ገና ሕፃን ነበርሽ። ከባድ ዝናብ ጥሎ ድልድዩ ላይ የጭነት መኪና ተገለበጠና መንገዱ ተዘጋ፤ እኔ ወዲያ ማዶ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ ቀረሁ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ስደርስ እናትሽ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ ልጁን በጉያዋ ይዛ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ትኩሳቱ በርዶ ነበር። አንዲት ቃል አልተናገረችኝም። ልጄ፣ ሁለተኛ መውጫ የሌለው ሰፈር ውስጥ እንዳትገዢ። ሐኪም ቤቱ በሌሊት በስንት ደቂቃ እንደሚደረስም አጣሪ።

ደላላው አዲስ ሰፊ መንገድ እየተሠራ ነው፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ጉዞው በግማሽ ይቀንሳል እንዳላችሁም ሰምቻለሁ። ይህን ተስፋ አትግዢ። ጣሊያናዊው ቼዛሬ ማርኬቲ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ጽሑፍ እንዳሳየው፣ ሰው በቀን ለጉዞ የሚያውለው ጊዜ በአማካይ ወደ አንድ ሰዓት ይጠጋል፤ መጓጓዣው ሲፈጥን ከተማው ይሰፋል እንጂ ጊዜው አይተርፍም። መንገዱ ሲሰፋ እንዳንቺው ርካሽ ቤት የሚፈልጉ ብዙዎች ከዚያ ወዲያ ይሠራሉ፣ እነርሱም ጠዋት በዚያው መንገድ ይመጣሉ። ዛሬ ባለው መንገድ የሚያኖርሽ ከሆነ ግዢው፤ ነገ በሚሠራው ከሆነ ተዪው።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም፤ ባለቤትሽ ከእኔ የተሻለ ሒሳብ ያውቃል። ነገር ግን የወር ክፍያውን ብቻ ለብቻው አታስሉት። የሁለታችሁን የመጓጓዣ ወጪና እናንተ እስክትደርሱ ልጅቷን ለሚጠብቅላችሁ ሰው የምትከፍሉትን በአንድ ገጽ ላይ ደምሩትና መሀል ላይ ካለው ጠባብ ቤት ጋር ያኔ አወዳድሩት። የባለቤትሽ መሥሪያ ቤት በሌላው አቅጣጫ መሆኑንም አትርሺ። ሥራ በጥቂት ዓመት ይለወጣል፣ ቤት ግን እዚያው ይቆያል፤ ስለዚህ ለዛሬው ቢሮሽ ብቻ የሚቀርብ ሳይሆን ሥራ ወደሚበዛባቸው ብዙ ቦታዎች የሚያደርስ ሰፈር ፈልጉ።

ስታነቢ ፊትሽን እንደምትቋጥሪ አውቃለሁ። «እኔ እንዳንተ በማታ አላስተምርም» ትያለሽ፤ እውነትሽን ነው። ምናልባትም ሄደሽበት መንገዱ መልካም ሆኖ ታገኚዋለሽ፤ ያኔ እኔ ራሴ መጥቼ ዕቃ አግዛችኋለሁ፣ ለትንሿም ዛፍ እተክልላታለሁ። ሩቅ ቤት ሁሉ ክፉ ነው አላልኩም። ከቤቱ የሚሠራ ሰው፣ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ቢሮ የሚገባ ሰው፣ ጸጥታ ከሁሉ የሚበልጥበት ሰው በደስታ ይኖርበታል። አንቺ ግን በሳምንት አምስት ቀን የምትገቢ፣ አራት ዓመት ያልሞላት ልጅ ያለሽ ነሽ። ሳትሄጂበት እንዳትፈርሚ።

አሁን የምልሽን አድርጊ። ደላላው ጋር ደውለሽ ፊርማውን በሁለት ሳምንት አራዝሚ፤ «ሌላ ገዢ አለ» ቢልሽ አትደንግጪ፣ እኔንም ያስቸኮለኝ ይኸው ቃል ነው። የባለቤትነት ማረጋገጫውን ኮፒ ተቀብለሽ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት አጣሪ። አንድ ቀን ከዝናብ በኋላ ሄደሽ ውሃው በየት እንደሚወርድ ተመልከቺ፤ አንድ ቀን ደግሞ በምሽት ሄደሽ ድምፁን አዳምጪ፣ ከመጓጓዣ መውረጃው እስከ በሩ መብራት መኖሩንም እዪ። ጎረቤቶችን ስለ ውሃና ስለ መብራት ጠይቂ፤ ከሻጭ ይልቅ ጎረቤት ያውቃል። እዚያው ሰፈር የሚከራይ ቤት ከተገኘ ለሦስት ወር ተከራይታችሁ ብትሞክሩት ደግሞ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ለኪራዩ እኔ አግዛችኋለሁ፣ ከእናትሽ ጋር ተነጋግረናል።

ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ሂጂበት፤ ማታም ተመለሺበት። ከቤቱ በር የተነሣሽበትንና መሥሪያ ቤትሽ የገባሽበትን ሰዓት የስድስቱንም ጉዞ ጽፈሽ ላኪልኝ። ከሒሳብ ደብተር የተቀደደ ቁራጭ ወረቀት ይበቃኛል።

አባትሽ