የአደን ቢላሽን ከማሠራትሽ በፊት

ውድ ልጄ፣

ሰላም ነሽ? ቢላ ሠሪው የላከልሽን ቅጽ አየሁት። የእጀታውን እንጨትና የአፎቱን ቆዳ መርጠሽ ጨርሰሻል። ስለ ጫፉ ቅርጽና ስለ ስለቱ የሚጠይቀው ቦታ ግን ባዶ ነው። ዋናው ነገር እኮ እሱ ነበር! በይ ረጋ ብለሽ አንብቢኝ።

አደን ላይ የቢላ ሥራ የሚጀምረው ከተኩሱ በኋላ ነው። ሆድ ይከፍታል፣ ቆዳ ይገፍፋል፣ መገጣጠሚያ ይለያያል። ከሦስቱ የሚያሰጋው የመጀመሪያው ነው። ጫፉ ትንሽ ጠልቆ ከገባ ጨጓራውን ወይም የሽንት ፊኛውን ይበሳዋል። ፈርሱ ሥጋው ላይ ከፈሰሰ ደግሞ ያ ሁሉ ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።

ስለዚህ የኔ ምርጫ ድሮፕ ፖይንት የሚሉት ቅርጽ ነው። የቢላው ጀርባ ከእጀታው ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ ስለቱ ይወርዳል፤ ጫፉም ከጀርባው ዝቅ ብሎ መሃል አካባቢ ያርፋል። ጥቅሙ የሚገባሽ ሆድ ስትከፍቺ ነው። ሁለት ጣትሽን ከቆዳው ሥር አስገብተሽ ከፍ ታደርጊዋለሽ። ከዚያ ቢላውን ስለቱን ወደ ላይ አዙረሽ በጣቶችሽ መሃል ትገፊዋለሽ። ቢላው ሲገለበጥ ያ ዝቅ ያለው ጫፍ ከፍ ይልና ከአንጀቱ ይርቃል። አንጀቱን የሚነካው የጀርባው ደንዳና ጎን ነው፤ እሱ ደግሞ አይቆርጥም። ይህን ቅርጽ በአዳኞች ዘንድ ተወዳጅ ካደረጉት አንዱ ቦብ ላቭለስ የሚባል አሜሪካዊ ቢላ ሠሪ ነው። እጁ ይባረክ!

ክሊፕ ፖይንት ዓይን ይስባል፤ አውቃለሁ። ቦዊ የሚባለው የታወቀ ትልቅ የአሜሪካ ቢላ በአብዛኛው እንደዚያ ነው። ጀርባው ጫፉ አካባቢ ተቆርጦ የተነሳለት ስለሚመስል ጫፉ ቀጭንና ሹል ይሆናል። ለመውጋት ጎበዝ ነው። መገጣጠሚያ ውስጥ ከተሽ ስትጠመዝዢው ግን ጫፉ ሊሰበር ይችላል።

ጫፉ ወደ ላይ የተቀለበሰው ትሬይሊንግ ፖይንት ደግሞ ረጅም ቅስት ያለው ስለት ስላለው ቆዳ ሲገፍፍ አይታማም። ግን የአንድ ሥራ ቢላ ነው። ወደፊት ሁለተኛ ስታሠሪ ታስቢበታለሽ።

ቢላ ሠሪው ጀርባው ላይ መንጠቆ ልጨምርልሽ ካለሽ ይቅርብኝ በይው። ሆድን እንደ ዚፕ ይከፍታል፤ እሱ እውነት ነው። ሞራና ፀጉር ግን ይወተፍበታል፤ ሲደንዝ ደግሞ በተራ መሳያ ድንጋይ አይሳልም፤ ቀጭን ክብ ሞረድ ፈልጊ ይልሻል።

አሁን ወደ ስለቱ። ጎኑ ወደ ውስጥ የጎደጎደው ሆሎው ግራይንድ ይባላል። የድሮ የጢም ምላጮች የሚሠሩት እንደዚያ ነው። ሲቆርጥ ደስ ይላል፤ ጠርዙ ስስ ስለሆነ ግን አጥንት ሲያገኘው ሊሸራረፍ ይችላል። ወደ ውጭ ያበጠው ኮንቬክስ ጠንካራ ነው፤ ለመጥረቢያም ይመረጣል። ችግሩ በጠፍጣፋ ድንጋይ ቅርጹን ጠብቆ መሳል ልምድ ይጠይቃል። ላንቺ የሚሆንሽ ፍላት ግራይንድ ነው፤ ከጀርባው እስከ ስለቱ ቀጥ ብሎ እየሳሳ የሚወርደው። ይቆርጣል፣ ጫና ይችላል፣ ራስሽም ትስይዋለሽ። ራስሽ የማትስይውን ቢላ ባታሠሪ ይሻላል።

የስለቱን ማዕዘን በእያንዳንዱ ጎን 20 ዲግሪ ገደማ ያድርግልሽ። 15 ካደረገው እንደ ጉድ ይቆርጣል፤ ግን ቶሎ ይጎዳል። 25 ከሆነ ብዙ ጫና ይችላል፤ ቆዳ ላይ ግን መግፋት ይበዛብሻል። የመጋዝ ጥርስ የመሰለውን ስለት ደግሞ አትንኪው። ለገመድ ጥሩ ነው፤ ቆዳና ሥጋ ግን ይቦጫጭቃል።

አጎትሽ ትልቅ ቢላ ይሻላል ይልሻል። አትስሚው። ከ9 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ስለት ይበቃሻል። እጅሽ ሆድ ዕቃ ውስጥ ገብቶ ጫፉን ማየት በማትችይበት ሰዓት ረጅም ቢላ የራስሽን ጣት ነው የሚያገኘው። የጀርባው ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ወይም ትንሽ ከፍ ቢል በቂ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ስለቱ ከእጀታው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ትንሽ ግማሽ ክብ እንዲቀድልሽ ንገሪው። ያኔ ስትስይው ድንጋዩ ስለቱን እስከ መጨረሻው ያገኘዋል። ስዕሉን ሲጨርስ ብረቱን ሳይቆርጥ በፊት ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።

አባትሽ