«ተሳስቻለሁ» ብሎ ዝም ማለት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ትሕትና የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ጸሐፊው ትሕትናን ስለ ራስ ዝቅ አድርጎ መናገር አስመስሎታል። እንደሱ ከሆነማ እኔ ድሮ ጨርሼዋለሁ! ጸሎት ላይ «እኔ ምናምንቴ፣ እኔ ኃጢአተኛ» ማለት ስጀምር የሚስተካከለኝ የለም።

ጉዱ የሚመጣው ሌላ ሰው ሲለኝ ነው። በቅርቡ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት እየመራሁ አንድ ጥቅስ ጠቀስኩና ጳውሎስ የጻፈው ነው ብዬ በልበ ሙሉነት ተናገርኩ። የእኔን ዕድሜ ግማሽ የማይሞላ ልጅ ከኋላ እጁን አወጣ። «ይቅርታ ጋሼ፣ እሱ እኮ የጴጥሮስ ነው» አለ። ልክ ነበር። 1ኛ ጴጥሮስ 5፥5 ላይ ነው ያለው። ያዕቆብም 4፥6 ላይ ጠቅሶታል፣ ጳውሎስ ግን የለበትም። ጥቅሱ የቱ መሰላችሁ? እግዚአብሔር ትዕቢተኞችን ይቃወማል፣ ለትሑታን ግን ጸጋን ይሰጣል የሚለው!

እኔስ ምን አልኩ? «አዎ፣ ግን ሐሳቡ ጳውሎስም ጋ አለ፣ ደግሞ እኔ ለማለት የፈለግኩት...» እያልኩ እዚያው ቆሜ ተንፈራገጥኩ። ጆሮዬ ሲግል ይታወቀኛል። ልጁ አቀርቅሮ ዝም አለ። ማታ ሳስበው አፈርኩ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልምምድ ይዣለሁ። ስታረም «ልክ ነህ፣ ተሳስቻለሁ» እላለሁ፣ ከዚያ አፌን እዘጋለሁ። «ግን» የሚባል የለም። ሲወራ ቀላል ይመስላል፣ ሞክሩትና እዩት። ከጾም ይከብዳል ብል አላጋነንኩም፤ ምክንያቱም ጾም መቼ እንደሚገባ ታውቁታላችሁ፣ እርማት ግን ሳትዘጋጁ፣ ደክሟችሁ፣ ብዙውን ጊዜ ደግሞ ከማትወዱት ሰው አፍ ነው የሚመጣው። ከሦስት አንዴ ከተሳካልኝ ደስ ይለኛል።

ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ (ዮሐንስ 13) ስለ ራሱ አንድም የሚያሳንስ ቃል አልተናገረም። እንዲያውም «መምህርና ጌታ» ትሉኛላችሁ፣ ልክ ናችሁ፣ ነኝም ነው ያላቸው። ማንነቱን ሳይክድ ጨርቅ ታጠቀ፣ ውኃ ቀዳ፣ ጎንበስ አለ። ከሚታጠቡት መሀል ይሁዳም ነበር። ጴጥሮስ ደግሞ «የእኔንማ አታጥብም» አለ። ይሄ ትሕትና ይመስላል፣ እኔ ግን ራሴን አይበታለሁ። ለሰው ማድረግ ደስ ይለኛል፣ ሲደረግልኝ ግን «አይ፣ አይ፣ ተወው» እላለሁ። የማንም ባለዕዳ መሆን አልፈልግማ!

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታ። በደልን ዝም ብሎ መሸከም ትሕትና ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፣ በዚህ አልስማማም። ሊቀ ካህናቱ ፊት አንዱ ሎሌ በጥፊ ሲመታው ኢየሱስ ዝም አላለም። ክፉ ተናግሬ ከሆነ መስክር፣ ካልሆነ ለምን ትመታኛለህ ብሎ ጠይቆታል (ዮሐንስ 18፥23)። አልተሳደበም፣ አልተለማመጠምም። የተበደለን ሰው «ትሑት ሁን» እያሉ ዝም ማሰኘት ለበዳዩ ነው የሚመቸው።

ወደ ልጁ ልመለስ። ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ያለ «ግን»። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጥናቱን እሱ እንዲመራ ሰጠሁትና እኔ ኋላ፣ የእሱ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። መሀል ላይ አንድ ምዕራፍ ተሳሳተ፣ ትንሽ ነገር ናት። እጄ ብድግ ሊል ሲል ያዝኩት። ላርመው ይሁን ብድሬን ልመልስ ለራሴም ስላልገባኝ፣ ጥናቱ እስኪያልቅ ሁለቱንም እጆቼን ጉልበቴ መሀል ቀብሬ ቆየሁ።

አንባቢያችሁ