እንግዳ ሰባኪ ከመጋበዛችን በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ መነቃቃት ጉባኤዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ጽሑፉ ያነሳቸውን ወጣቶች መንፈሳዊ ጥማት አከብራለሁ። መነቃቃት በባነርና በድምፅ ማጉያ የሚመጣ መስሎ መቅረቡ ግን አሳስቦኛል። ተወልጄ ያደግሁት ወላይታ ነውና ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጣሊያን አገሪቱን ከያዘ በኋላ ወንጌል ሊሰብኩ ከውጭ የመጡት የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሚስዮናውያን በ1929 ዓ.ም. ወላይታን ለቀው ሲወጡ፣ የተጠመቁት አማኞች 50 ገደማ ብቻ ነበሩ። ነጻነት ሲመለስ ተመልሰው ያገኙት 10 ሺህ የሚጠጋ አማኝ ነው። በእነዚያ ዓመታት ከውጭ የመጣ ሰባኪ አልነበረም። ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስም በወላይትኛ ገና አልነበረም፤ የነበሩት ጥቂት ክፍሎች ናቸው፣ ማንበብ የሚችለውም ጥቂት ሰው ነው። ወላይታዊውን ወንጌላዊ ዋንዳሮ ዳባሮን የመሰሉት ስለ እምነታቸው ታስረው ተገርፈዋል። አማኞቹ ለወንድሞቻቸው ስንቅ ይዘው ወህኒ ሲሄዱ ጠያቂ ለሌለው እስረኛም ያካፍሉ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ከየትኛውም ስብከት ይልቅ ሰውን የሳበው ይህ ነው፤ ይህን ፍቅር ደግሞ ከመድረክ አልተማሩትም።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ከዮሐንስ ወንጌል ጥቂት ቁጥሮች ታስነብበኛለች። ያልገባት ቦታ ስትደርስ ታስቆመኝና ደጋግሜ እንዳነብላት ታደርጋለች። ዶሮ ሳይጮህ ተነስታ ያንኑ ቃል ይዛ ትንበረከካለች፤ “ጌታ ሆይ፣ ማታ እንዲህ ብለኸኝ ነበር” እያለች ስትጸልይ ከመኝታዬ እሰማታለሁ። በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤታችን ሲታሸግ አምርራ አለቀሰች። ጸሎቷን ግን የሚያሽግባት አልነበረም። ጎረቤቶች ቡና ጠጡ ተብለው ይመጣሉ፣ በሩ ይዘጋል፣ መዝሙሩ በሹክሹክታ ይዘመራል።

ዛሬ በነጻነት እናመልካለን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ጎረቤቴ ግን ልጇ አረብ አገር ልትሄድ ስለሆነ ነቢይ ፍለጋ ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው ትንከራተታለች። የተነገራትን ሁሉ አጫወተችኝ። “አንቺስ ራስሽ ጌታን ጠየቅሽው?” ስላት ዝም አለች። አልወቅሳትም፤ አጠገቧ ተቀምጦ ያስተማራት የለም። “ወደ እልፍኝህ ግባ፣ መዝጊያህንም ዘግተህ በስውር ላለው አባትህ ጸልይ” የተባለው ለነቢያትና ለፓስተሮች ብቻ አይደለም፤ ለእሷም ነው። ልጇን የሰጣት አምላክ እሷን አይሰማም ያላት ማን ነው?

ጉባኤ ይቅር አልልም። እኔም ጉባኤ ላይ ተንበርክኬ የተባረክሁባቸው ቀኖች አሉ። የአጥቢያ ሽማግሌዎችን የምለምነው፣ ለእንግዳ ሰባኪና ለድምፅ መሣሪያ ኪራይ ከሚወጣው ላይ ቀንሳችሁ ማንበብ ለማይችሉ እናቶች በድምፅ የተቀረጸ መጽሐፍ ቅዱስ ግዙላቸው። በየሰፈሩ ህብረት “በዚህ ሳምንት ጌታ በቃሉ ምን አለህ? ምን አለሽ?” ተባባሉ። ከአዳር ጸሎቱም ማይክ ጠፍቶ እያንዳንዱ ለብቻው በአምላኩ ፊት የሚሆንበት አንድ ሰዓት ስጡ፤ መሪው እንኳ አይናገር።

በእኛ ሰፈር ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ለእናቶች ለማንበብ ፈቃደኛ መሆኔን ለሽማግሌዎቻችን ነግሬአለሁ። በሌላ አጥቢያ ያሉ ጡረታ የወጡ መምህራን ባልንጀሮቼም እንዲሁ እንዲያደርጉ በጋዜጣችሁ በኩል እጠይቃለሁ።

ጡረታ የወጣች መምህርት
ከወላይታ ሶዶ