ለአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስትር፦ ተፈላጊው ሰው ከመርከብ ሲወርድ ሳይሆን ሳይሳፈር ይለይ

ይድረስ ለዩናይትድ ስቴትስ የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስትር
ዋሽንግተን ዲሲ

የተከበሩ ሚኒስትር፣

በሜሪላንድ የምኖር ነርስና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የዚህን ደብዳቤ የእንግሊዝኛ ቅጂ ለመሥሪያ ቤትዎ በፖስታ ልኬያለሁ። በአማርኛም የማወጣው ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ በየሰመሩ በመዝናኛ መርከብ የሚጓዙ ወገኖቼ ነገሩን አውቀው አብረውኝ እንዲጠይቁ ነው። ዓመታቱን የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴን፣ ታላቅ ወንድሜንና ልጆቼን ይዤ ለሰባት ቀን ወደ ባሃማስ ሄድን። የመርከቡንም ሆነ የወደቡን ስም አልጠራም፤ ጉዳዬ ከእነሱ ጋር አይደለም። ጊዜው ፍልሰታ ስለነበር እማዬ ለጾሟ በሶ ቋጥራ ነበር። በመሳፈሪያው አዳራሽ ሻንጣዋ ኤክስሬዩ ውስጥ ሲገባ ማሽኑ ቆመ። ፈታሹ ወጣት ጓንት አጥልቆ ፌስታሉን ፈታ፣ አሸተተ፣ በጣቱ ነካ፣ አለቃውን ጠራ። እማዬ በአማርኛ "ገብስ ነው ልጄ፣ ገብስ ነው" ትለዋለች፤ እኔ አስተረጉማለሁ። አለቃው መጥቶ አይቶ መልሶ ቋጠረላትና አለፍን። አልከፋኝም። በበሶ ላይ እንዲህ የሚጠነቀቅ በሰውም ላይ ይጠነቀቃል ብዬ ልቤ አረፈ።

በመርከቡ ላይ ትንሹ ልጄ ከአንድ ሰው ጋር ተግባባ። ሰውየው አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ብቻውን የመጣ፣ ከመዋኛው ዳር የማይጠፋ ነው። ልጄን በጀርባው መንሳፈፍ ያስተማረው እሱ ነው፤ መዳፉን ከሥሩ አድርጎ "ሰውነትህን ልቀቀው፣ ውኃው ይይዝሃል" ይለዋል። እኔም ከጎናቸው ተቀምጬ ነበርና ምንም ክፉ ነገር አላየሁም። በስምንተኛው ቀን ጠዋት ከመርከቡ ወርደን ለወረቀት ምርመራ ተሰልፈን ሳለ ሁለት መኮንኖች መጡ። ስሙን ጠየቁት፣ ቦርሳውን እንዲያስቀምጥ ነገሩት፣ እጁን ወደ ኋላ አሰሩት። ጩኸትም ግፊያም አልነበረም፤ ሥራቸውን በሥርዓት ነው የሠሩት። ልጄ እጄን ጭምቅ አድርጎ "እማዬ፣ ምን አድርጎ ነው?" አለኝ።

እስከ ዛሬ አላውቅም። ፍርድ ቤት ሳይቀርብ የቀረበት የትራፊክ ክስ ሊሆን ይችላል። ለመጻፍ የሚከብደኝ ነገርም ሊሆን ይችላል። እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። እነዚያ መኮንኖች ስሙን ይዘው ነው የመጡት፤ እየጠበቁት ነበር። ታዲያ መቼ አወቁ?

ከዚያ ወዲህ በእረፍት ቀኖቼ ደንቦቹን አነበብኩ። ከውጭ ወደ አሜሪካ ወደብ የሚመጣ መርከብ እንደ ጉዞው ርዝመት ቢያንስ ከ24 እስከ 96 ሰዓት አስቀድሞ የተሳፋሪዎቹን ዝርዝር ይልካል። ስለዚህ መኮንኖቹ ዝርዝሩን ከተፈላጊዎች መዝገብ ጋር ለማመሳከርና ለመዘጋጀት በቂ ጊዜ አላቸው። ከአሜሪካ ወደብ ሲነሣ ግን ዝርዝሩ ከመነሻው 60 ደቂቃ በፊት ከደረሰ በቂ ነው። ከመነሻው አንድ ሰዓት በፊት መርከቡ ላይ ምን እንደሚሆን ላይ የነበረ ያውቀዋል። ሰው ሁሉ ምሳውን በልቶ፣ ካቢኑን ከፍቶ፣ ልጆች ገንዳ ውስጥ ገብተዋል። በሺህ የሚቆጠር ሰው በተጫነበት ሰዓት የአንድ ስም መመሳሰል ቢገኝ እውነት ይሁን ስህተት አጣርቶ ሰውየውን ለማውረድ ማን ጊዜ አለው? ቲኬት እኮ የሚገዛው ከወራት በፊት ነው። ስማችንን፣ የልደት ቀናችንንና የሰነድ ቁጥራችንን ለኩባንያው በኢንተርኔት ሞልተን የምንልከውም ከጉዞው ቀናት አስቀድመን ነው። መረጃው አለ፤ የሚታየው ግን ዘግይቶ ነው።

ከዚህ የባሰው ቀዳዳ ፓስፖርት ላይ ነው። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በከባድ ወንጀል የእስር ማዘዣ ለወጣበት ሰው ፓስፖርት ሊከለክል ይችላል። የልጅ ቀለብ ውዝፉ ከ2,500 ዶላር ያለፈ ወላጅም ፓስፖርት አይሰጠውም። በ2016 የወጣው ሕግ ደግሞ በሕፃናት ላይ በፈጸሙት ወሲባዊ ወንጀል የተመዘገቡ ሰዎች ፓስፖርት ላይ ምልክት እንዲታተም አዟል። ሁሉም መልካም ነው። ይሁን እንጂ ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ተነሥቶ እዚያው በሚመለስ መርከብ የሚሄድ ዜጋ ፓስፖርት አይጠየቅም፤ የልደት ምስክር ወረቀትና መንግሥት የሰጠው ባለፎቶ መታወቂያ ይበቃዋል። ፓስፖርት የተከለከለው ሰው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የሚቆምበት በር በማያሚ፣ በጋልቬስተን ወይም በባልቲሞር ወደብ ክፍት ነው ማለት ነው።

ይህን ስል ፓስፖርት ግዴታ ይደረግ ማለቴ አይደለም። አንድ አዋቂ ለመጀመሪያ ጊዜ ፓስፖርት ሲያወጣ 165 ዶላር ይከፍላል። ሁለት ፈረቃ እየሠራ ልጆቹን በዓመት አንዴ ለማዝናናት ለሚቆጥብ አባት ያ ገንዘብ ቀላል አይደለም። ለጥቂቶች ጥፋት እሱን መቅጣት አልሻም። የምለው፣ ፓስፖርቱ ይሠራው የነበረውን ማጣሪያ ሌላ ነገር ይተካው ነው።

መርከብ ከተማ አይደለምና ጉዳዩ ይለያል። መሬት ላይ ብንፈራ ፖሊስ እንጠራለን። ባሕር ላይ ያሉት ጠባቂዎች የኩባንያው ተቀጣሪዎች ናቸው፤ መርከቡም አብዛኛውን ጊዜ የባሃማስን፣ የፓናማን ወይም የሌላ አገር ባንዲራ ያውለበልባል። ይህን ክፍተት ያዩ የተጎጂ ቤተሰቦች ለዓመታት ደጅ ጠንተው ነው የ2010ሩ የመርከብ ደኅንነት ሕግ የወጣው። የካቢን በር ከውስጥ ማያ ቀዳዳ እንዲኖረው፣ የመርከቡ አጥር ቢያንስ 42 ኢንች እንዲሆን፣ ከባድ ወንጀል ለኤፍቢአይ እንዲነገር ያዘዘው እሱ ነው። የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ በየሩብ ዓመቱ በሚያወጣው መዝገብ ላይ ደጋግሞ የሚበዛው ወሲባዊ ጥቃት ነው። እንግዲህ ልጆቻችን ለሳምንት ከማን ጋር እንደሚዋኙ መጠየቄ ከመጠን ያለፈ ፍርሃት አይደለም።

የሻንጣው ፍተሻ ከየት እንደመጣም አነበብኩ። በኦክቶበር 1985 አራት ታጣቂዎች እንደ ማንኛውም መንገደኛ ከጣሊያኗ ጄኖዋ አኪሌ ላውሮ በተባለ የመዝናኛ መርከብ ላይ ተሳፍረው፣ መሣሪያቸውን ካቢን ውስጥ ደብቀው፣ መርከቡን በግብፅ አጠገብ ያዙት። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የነበረውን የ69 ዓመቱን አሜሪካዊ ሊዮን ክሊንግሆፈርን ገድለው አስከሬኑን ባሕር ውስጥ ጣሉት። ዓለም ከዚያ መከራ ተምሮ ደንብ አወጣ፤ በጁላይ 2004 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የመርከብና የወደብ ጥበቃ ደንብም የዚያው ጎዳና ቀጣይ ነው። የእማዬ በሶ የተፈተሸውም በዚያ ምክንያት ነው። ፈታሾቹን አመሰግናለሁ።

ስለ ሰው ግን ከመቶ ዓመት በፊት የተሻለ የተሠራበት ጊዜ አለ። በ1910 ሀውሊ ክሪፐን የተባለ ሐኪም ሚስቱን ገድሏል ተብሎ በለንደን ፖሊስ ይፈለግ ነበር። ከአንትወርፕ ሞንትሮዝ በተባለች መርከብ "ሚስተር ሮቢንሰን" ነኝ ብሎ፣ ወዳጁን ኤተል ለኔቭን የወንድ ልብስ አልብሶ "ልጄ ነው" ብሎ ወደ ካናዳ ተሳፈረ። ካፒቴን ሄንሪ ኬንዳል አባትና ልጅ የተባሉት እጅ ለእጅ ሲጨባበጡ አየ። የ"ልጁ" ሱሪ ከኋላው በመርፌ ቁልፍ መያያዙን አየ። ለማንም ትንፍሽ ሳይል በገመድ አልባ ቴሌግራፍ መልእክት ሰደደ። ኢንስፔክተር ዋልተር ዱ ሎረንቲክ በተባለች ፈጣን መርከብ ተሳፍሮ ቀደመውና ጁላይ 31 ቀን እዚያው መርከቡ ላይ ያዘው። ካፒቴኑ ማን እንደጫነ ስለሚያውቅ እስኪደርሱ ድረስ በዓይኑ ጠብቆታል። ዛሬ ካፒቴኑ በሳተላይት ይነጋገራል። ከተሳፋሪዎቹ መካከል በከባድ ወንጀል የሚፈለግ ሰው እንዳለ በወደብ ሲታወቅ፣ ለእሱ እንዲነገረው የሚያስገድድ ደንብ ይኑር ነው የምለው።

አሁን ወደ ሌላው ወገን ልምጣ፤ ይህንን ካላነሣሁ የጻፍኩት ሁሉ በራሴ ሰው ላይ ይመለሳል።

ታላቅ ወንድሜ የተወለደው በኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው። እማዬ ምጡን ከነታቦቱ መግቢያ ሰዓት ትተርከዋለች። የአሜሪካ ወረቀቱ ግን ጃንዋሪ 1 ይላል፤ በ1980ዎቹ በሱዳን በኩል በስደት ሲመጣ ቀኑን የሚያስረዳ ወረቀት ስላልነበረው ነው። በእኛ ማኅበረሰብ ጃንዋሪ 1 የተወለደ ሰው ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። የቤተሰብ ስም የለንም፤ በወረቀት ላይ የመጨረሻ ስም ሆኖ የሚገባው የአባታችን ስም ነው፤ ያም ቢሆን አበበ፣ ተስፋዬ፣ መሐመድ፣ አሕመድ ሆኖ በሺህ ይደጋገማል። ጸጋዬ የሚለው አንድ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሦስትና አራት ዓይነት ተደርጎ ይጻፋል። በስምና በልደት ቀን ብቻ የሚፈልግ ሰው ንጹሑን ይይዛል፤ ሆሄ የቀየረውን ተፈላጊ ደግሞ ያሳልፋል። ያን ጠዋት ሰውየው ሲታሰር ወንድሜን ዞር ብዬ አየሁት፤ ምንም ሳያጠፋ ግንባሩ በላብ ርሷል።

በሥራዬ ይህን ነገር አውቀዋለሁ። አንድ ሌሊት በኛ ዋርድ ሁለት አበሻ ሕሙማን ነበሩ፤ ስማቸው አንድ፣ የአባታቸው ስም አንድ፣ የልደት ቀናቸው ሁለቱም ጃንዋሪ 1። በሁለቱም በር ላይ የስም ማስጠንቀቂያ ለጠፍን፣ መድኃኒት በሰጠን ቁጥር የእጅ ማሰሪያቸውን ቁጥር አንድ በአንድ አነበብን። ለአንዲት እንክብል ይህን የምናደርግ ከሆነ፣ ሰው በልጆቹ ፊት ከመታሰሩ በፊት አሻራው ቢመሳከር ምን ይከብዳል? ካሜራው ይበቃል እንዳይሉኝ፣ የመንግሥት የስታንዳርድና ቴክኖሎጂ ተቋም በዲሴምበር 2019 ባወጣው ጥናት፣ ከተፈተኑት የፊት መለያ ፕሮግራሞች በብዙዎቹ አንዱን ሰው ሌላው ነው የማለት ስህተት ከፍ ብሎ የተገኘው በምዕራብና በምሥራቅ አፍሪካ እንዲሁም በምሥራቅ እስያ ሰዎች ፊት ላይ ነው። ምሥራቅ አፍሪካ ማለት እኛ ነን።

የጉምሩክና ድንበር ጥበቃው፣ የባሕር ዳርቻ ጠባቂው፣ በስም መመሳሰል የተቸገረ መንገደኛ ከ2007 ጀምሮ አቤት የሚልበት ክፍል፣ ሁሉም በእርስዎ ሥር ናቸው። ስለዚህ ጥያቄዬን ለእርስዎ አቀርባለሁ። ከአሜሪካ ወደብ የሚነሣ የመዝናኛ መርከብ የተሳፋሪዎቹን ዝርዝር ከ60 ደቂቃ ሳይሆን ከሦስት ቀን በፊት ይላክ፤ በመጨረሻ ሰዓት የሚጨመረው ጥቂት ሰው ለብቻው ይታይ። መመሳሰል ከተገኘ በእነዚያ ሦስት ቀናት በአሻራና በፎቶ ይጣራ፤ ንጹሑ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ጎረቤት ሳይሰማ ይለቀቅ፤ አንዴ የተጣራም በየጉዞው እንደገና እንዳይያዝ ያ ክፍል የሰጠው የአቤቱታ ቁጥሩ በመርከብ ቲኬት ፎርም ላይም ቦታ ይኑረው። ማዘዣ ሁሉ አንድ አይደለም፤ በብሔራዊው የወንጀል መረጃ ቋት ላይ የሚመዘገበው ያወጣው ካውንቲ ሰውየውን ከየት ድረስ እንደሚያስመጣ ጭምር ነው። በመኪና ማቆሚያ ቅጣት የሚፈለግን ሰው ከመሳፈሪያ አዳራሽ ጎትቱት አልልም፤ ወረቀት ይሰጠው፣ ሲመለስ ይቅረብ። በነፍስ ማጥፋት፣ በሕፃናት ላይ በተፈጸመ ጥቃት ወይም በመሰለው የሚፈለግ ግን መርከቡ ላይ አይውጣ፤ ከወጣም ካፒቴኑና የመርከቡ የጥበቃ ኃላፊ ወዲያው ይነገራቸው። በየዓመቱ ስንት ተፈላጊ ሰው ተሳፍሮ እንደተመለሰ፣ ስንቱም በስህተት እንደተያዘ መሥሪያ ቤትዎ ቁጥሩን ለሕዝብ ያውጣ።

ልጄ አሁን ያለ ማንም እርዳታ በጀርባው ይንሳፈፋል። በነሐሴ እንደገና በመርከብ እንሂድ እያለ ይለምነኛል፤ ወንድሜ ደግሞ እኔን ተዉኝ ብሏል። ቲኬት አልቆረጥኩም። ለእንግሊዝኛው ቅጂ የመልስ አድራሻዬ ፖስታው ላይ አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ነርስ፣ ከሜሪላንድ