ከአራት ወር በኋላ

ድሬዳዋ፣ ግንቦት 12 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

ሐረርና ድሬዳዋ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ብቻ ተራርቀው ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን በማጥፋቴ ይቅር በይኝ። ዛሬ የምጽፍልሽ በልጄ ያየሁትን፣ ዘንድሮ 13 ዓመት የሚሞላት ልጅሽ ሳትደርስበት እንድታውቂው ብዬ ነው።

የ12ኛ ክፍል ፈተናዋን ስታጠና የወር አበባዋ ለአራት ወር ቀረባት። እኔ ግን ምን እንደሆነች ከመጠየቅ ይልቅ እርግዝናን ጠርጥሬ በክፉ ዓይን አየኋት፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ጤና ጣቢያ የተቀበለችን ነርስ እርግዝና አለመኖሩን በምርመራ ካረጋገጠች በኋላ ስለ ምግቧና ስለ እንቅልፏ ስትጠይቃት ነው ነገሩ የወጣው፤ ወፍሬያለሁ ብላ ምሳዋን ትታለች፣ ሌሊት ነቅታ ለማጥናት ደግሞ ከጓደኞቿ ጋር ጫት ጀምራለች። ጫት ረሃብንም እንቅልፍንም አብሮ እንደሚወስድ እዚህ አገር ላደግነው ማን ይነግረናል!

ነርሷ እንዳስረዳችን የሰውነት ስብ ሌፕቲን በሚባል ሆርሞን አማካይነት በቂ ስንቅ መኖሩን ለአንጎል ያሳውቃል፤ ስንቁ ሲመናመን አንጎል እንቁላል እንዲበስል የሚሰጠውን ትእዛዝ ይቀንሳል፣ የወር አበባውም ይቆማል። ይህ ሲራዘም አጥንትን የሚያጠነክረው ኢስትሮጅን የሚባል የሴት ሆርሞን ስለሚያንስ፣ አጥንት መጠንከር ባለበት ዕድሜ ይሳሳል። ከመጠን ያለፈ ውፍረትም ሆርሞኖችን አዛብቶ የወር አበባን ሊያዘገይ ስለሚችል፣ ችግሩ የቀጭኖች ብቻ እንዳይመስልሽ።

እንቅልፍን ግን እኔ ከቁም ነገር ቆጥሬው አላውቅም ነበር። በዚህ ዕድሜ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ያስፈልጋል፤ ጥቂት የሚተኙ ልጆች ላይ የወር አበባ መዛባትና ሕመም በብዛት ይታያል። የድሬዳዋ ሙቀት ቤት ውስጥ ስለማያስተኛ አልጋዋን በረንዳ ላይ አወጣሁላት፣ ስልኳንም ማታ ማታ እኔ ጋ ታስቀምጣለች። ጫቱን ትታ በወጉ መብላትና መተኛት ከጀመረች ከሁለት ወር በኋላ፣ ባለፈው ሳምንት፣ የወር አበባዋ ተመለሰ።

ልጅሽ ስትጀምር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከ21 እስከ 45 ቀን ባለው ልዩነት ቢመላለስ አትደንግጪ። ሦስት ወር ከቀረ፣ ከ7 ቀን በላይ ከፈሰሰ፣ ወይም 15 ዓመት ሞልቷት ካልጀመረች ግን ሳትውይ ሳታድሪ ሐኪም ዘንድ ውሰጃት።

ትምህርት ሲዘጋ ይዘሻት ነይ፤ ልጄ ለእኔ የደበቀችውን ሁሉ ለእሷ ራሷ ልትነግራት ትፈልጋለች።

የምትናፍቅሽ ጓደኛሽ