«ድንገተኛ ሕመም» ብሎ ማን ነገራችሁ?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በጎ ሥራ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብበን አንዲት ሐረግ ላይ ቆመን ቀርተናል። ልዕልቲቱ «በድንገተኛ ሕመም» አረፉ ብላችኋል። ልዕልት ፀሐይ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ ያረፉት ከእርግዝናቸው ጋር በተያያዘ ችግር ነው። ገና 22 ዓመታቸው ነበር፤ ካገቡም አራት ወር አልሞላቸውም። ይህ የሚያሳፍር ነገር ነው ወይ፣ በሌላ ስም የሚሸፈነው? እናት በእርግዝናዋ ስትሞት ምክንያቱ በስሙ ካልተጠራ ቀጣዩዋን የሚያድናት አይኖርም።

አዲስ አበባ ያለውን የልዕልት ፀሐይ ሆስፒታልንም እሳቸው እንዳሠሩት አድርጋችሁ ጽፋችኋል፤ የተሠራው ግን ከሞታቸው በኋላ በስማቸው ነው። ለንደን ላይ ገንዘቡን ለማሰባሰብ የደከሙት የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩት እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ናቸው። ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፈተ፤ ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው እሱ ነው። ልዕልቲቱ የሰጡት ሌላ ነገር ነበር፦ በስደት ዘመን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተምረው እ.ኤ.አ. በ1939 ነርስ ሆነዋል። ሙያ ነበራቸው።

ይበልጥ ያሳዘነን ግን የጽሑፉ ሁለተኛ ክፍል ነው። ስለ ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን የፊስቱላ (የተራዘመ ምጥ በሽንት ፊኛ ላይ የሚተወው ቀዳዳ) ቀዶ ሕክምና ብዙ ብላችኋል፤ ይገባቸዋል። ነገር ግን ባልና ሚስቱ እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የተጠሩት የአዋላጆች ትምህርት ቤት እንዲያቋቁሙ ነበር። ከፊስቱላ ጋር የተገናኙት እዚሁ ከመጡ በኋላ ነው፤ የራሳቸውን ሆስፒታል የመሠረቱትም እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። «አዋላጅ» የሚለው ቃል ግን በጽሑፋችሁ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ የለም። እናት ስትሞት ግን መጀመሪያ የምንጠየቀው እኛ አዋላጆች ነን።

ፊስቱላ የሚጠገነው በቀዶ ሕክምና ነው፤ እንዳይደርስ የሚደረገው ግን ምጥ ላይ ነው። ምጥ ሲረዝምና የሕፃኑ ጭንቅላት ዳሌ ውስጥ ሲቀረቀር የሽንት ፊኛውን ከፊት ካለው አጥንት ጋር አጣብቆ ይጫነዋል። ደም ያጣው ሥጋ ይሞታል፤ ከቀናት በኋላ ሲወድቅ ቀዳዳ ይቀራል፣ ሽንትም ያለ ማቋረጥ ይፈስሳል።

ይህን ቀድሞ የሚያሳየው ፓርቶግራፍ፣ የምጡ ሂደት በየሰዓቱ የሚመዘገብበት ቅጽ ነው። በተለመደው ቅጽ መሙላት የሚጀመረው የማሕፀን በር 4 ሴንቲ ሜትር ሲከፈት ነው። የሕፃኑ የልብ ምትና የምጡ ብዛት በየግማሽ ሰዓቱ፣ የማሕፀን በር ደግሞ በየ4 ሰዓቱ ይታያል። በሰዓት 1 ሴንቲ ሜትር ካልሄደ ነጥቡ ከማስጠንቀቂያው መስመር ወደ ቀኝ ይወጣል። እርምጃ መወሰድ ያለበትን ጊዜ የሚያሳየው የእርምጃ መስመር ከዚያ 4 ሰዓት ይርቃል፤ ገጠር ጤና ጣቢያ ላይ እሱን መጠበቅ ግን የመንገዱን ርዝመት መርሳት ነው፣ እናቲቱ በማስጠንቀቂያው መስመር ላይ ሳለች ወደ ሆስፒታል መላክ አለባት። ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም እዚህ ነው፦ አንዲት አዋላጅ ሦስትና አራት ወላድ ይዛ ቅጹ ልጁ ከተወለደ በኋላ ከትዝታ ይሞላል። ያን ጊዜ ወረቀቱ ማንንም አያስጠነቅቅም።

ምጡ ተዘግቶባት ለቆየች እናት ደግሞ ካቴተር (ሽንት የሚያወርድ ቱቦ) ገብቶ ከ10 እስከ 14 ቀን ይቆያል። ፊኛው ባዶ ሆኖ ካረፈ የተጎዳው ሥጋ ሊያገግም፣ ትንሽ ቀዳዳም ራሱ ሊደፈን ይችላል። ቱቦው ሲታጠፍ ወይም ሲዘጋ ፊኛው ይሞላል፣ ቁስሉም ይወጠራል፤ ስለዚህ ሽንቱ መውረዱ በየሰዓቱ ይታያል፣ እናቲቱም ብዙ ውኃ ትጠጣለች። አልጋ ጠበበ ተብሎ በሁለተኛው ቀን የተነቀለ ካቴተር ለቀዶ ሕክምና የሚመጣ ሰው ይጨምራል።

የሃምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲከፈት ከገጠር የመጡ ልጃገረዶችን አስተምሮ ወደ መጡበት እንዲመልስ ነበር። ይህ እ.ኤ.አ. በ1959 የታሰበው ሥራ ነው። በልዕልቲቱ ስም የተሠራው ሆስፒታል የተወውን ውርስ ከፈለጋችሁ እነዚህ ልጆች ያሉባቸው ጤና ጣቢያዎች ሂዱ።

«ድንገተኛ ሕመም» የሚለው በሚቀጥለው እትም ይታረምልን፤ እርማቱም ጽሑፉ በወጣበት ገጽ ላይ ይውጣ።

አዋላጅ ባለሙያዎች፣ አዲስ አበባ