የቴአትር ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ማሰሪያ አንቀጹ እስኪሰማ

የቴአትር ክበባችን ዘንድሮ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ድረስ በሰልፍ ሥነ ሥርዓት ላይ አንድም ጭውውት አላቀረበም። «ክበቡ ፈርሷል እንዴ?» ብለው የጠየቁ ተማሪዎችም መምህራንም ነበሩ። ክበቡ ግን ዘወትር ሐሙስ ከ9፡30 እስከ 11፡00 ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ሥራ ላይ ነበር። በእነዚያ ወራት የተሠራው ትንፋሽ፣ ማድመጥና ድርጊት ነው። በግንቦት የታየውን ተውኔት የተሸከመው ያ ሥራ ስለሆነ የዘገባው ሰፊ ቦታም ለእሱ ይሰጣል።

በትምህርት ቤቶች የተለመደው አካሄድ ይታወቃል። ጽሑፉ ሰኞ ይታደላል፣ ረቡዕ ይሸመደዳል፣ ዓርብ ሰልፍ ላይ ይቀርባል። ልጆቹ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ተመልካች አዙረው ይጮኻሉ፤ እርስ በርሳቸው ግን አይደማመጡም። ተመልካቹ ይስቃል፣ ያጨበጭባል፤ ልጁ ግን ከትወና አንድም ነገር ሳይማር ዓመቱ ያልቃል። ዘንድሮ ይህን ማቆም ፈልገን ነበር።

የመጀመሪያው ወር ለትንፋሽ ዋለ። ጀማሪ ተዋናይ በደረቱ ይተነፍሳል፤ አየር ሲያስገባ ትከሻው ይነሣል፣ አንገቱ ይገተራል፣ ድምፁ ይቀጥናል። ይህንን ለማወቅ በጀርባ ተኝቶ ሆድ ላይ ደብተር ማስቀመጥ ይበቃል። አየር ሲገባ ደብተሩ ከፍ ካለ ትንፋሹ ቦታውን ይዟል፤ ደብተሩ ባለበት ቀርቶ ደረት ብቻ ካበጠ ገና ነው። ከዚያ ተነሥቶ እግርን በትከሻ ስፋት መክፈት፣ ጉልበትን ሳይቆልፉ መቆም፣ በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ ማስገባት፣ «ስስስ» እያሉ እስከ 12 እየቆጠሩ ማስወጣት ነው። ልምዱ ሲመጣ ወደ 16 ከዚያም ወደ 20 ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ራሱን የሚያዞረው ተማሪ ወዲያው ይቀመጣል፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከልክ በላይ አየር መሳብ ወይም ምሳ ሳይበሉ መምጣት ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለአማርኛ ተዋናይ የተለየ ጥቅም አለው። የዓረፍተ ነገራችን ማሰሪያ አንቀጽ፣ ማለትም ዋናው ግሥ፣ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ የጀማሪ ትንፋሽ የሚያልቀውም እዚያው ነው። «እኔ ያንን ልጅ በዓይኔ እንኳ አላየሁትም» የሚለው ተዋናይ «እንኳ» ላይ ከደከመ፣ ልጁን አይቶት ይሁን አላየው ተመልካቹ ሳያውቅ ይቀራል። አሉታውም፣ ጊዜውም፣ ባለቤቱም ያሉት በዚያች ባልተሰማች ቃል ውስጥ ነው። መድኃኒቱ መስመሩን ከኋላ ወደ ፊት መገንባት ነው፤ መጀመሪያ «አላየሁትም» ብቻ፣ ቀጥሎ «እንኳ አላየሁትም»፣ ቀጥሎ «በዓይኔ እንኳ አላየሁትም» እያሉ እስከ «እኔ» ድረስ መመለስ። በልምምድ ጊዜ አንድ ተማሪ በአዳራሹ የመጨረሻ ረድፍ ይቀመጥና ማሰሪያ አንቀጹ ባልተሰማው ቁጥር እጁን ያነሣል። ተናጋሪው እጅ ባየ ጊዜ መጮኽ የለበትም፤ ቀደም ብሎ መተንፈስ ነው ያለበት። ጩኸት ከጉሮሮ ስለሚወጣ በሦስተኛው ገጽ ላይ ድምፅ ይሻክራል። ድምፁ የሻከረ ልጅ ለዚያን ቀን ልምምዱን ያቆማል፤ ውኃ ይጠጣል፤ በሹክሹክታም አይለማመድም፣ ሹክሹክታም ጉሮሮን ያደክማልና።

ስለ ድምፆቻችንም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጸና ጰ ጉሮሮ ተዘግቶ የሚፈነዱ ናቸው። የቁጣ ንግግር ላይ ሲደራረቡ ተማሪው አንገቱን አጥብቆ ይይዛል፤ ቀጥሎ የሚመጣው አናባቢም ታንቆ ይወጣል። ስለዚህ ተ–ጠ፣ ቸ–ጨ፣ ከ–ቀ፣ ሰ–ጸ እያፈራረቁ በዝግታ ጀምሮ ማፍጠን የየሳምንቱ ማሟሟቂያ ሆኗል። መጥበቅና መላላትንም ፊደላችን አያሳይም። «ገና ነው» የሚል መስመር በዓሉን ይሁን ሰዓቱ አለመድረሱን የሚለየው የተዋናዩ አፍ ብቻ ስለሆነ፣ አባላቱ በሚያሻማ ቃል ላይ ከሚጠብቀው ፊደል በላይ በእርሳስ ሁለት ነጥብ እያደረጉ ያነባሉ።

ኅዳር የማድመጥ ወር ነበር። የተጠቀምንበት አሜሪካዊው የትወና መምህር ሳንፎርድ ማይስነር ያዳበረውን የመደጋገም ልምምድ ነው። ሁለት ተማሪዎች በአንድ ሜትር ርቀት ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። አንዱ ያየውን ይናገራል፦ «ጫማህን አቧራ ነክቶታል»። ሌላው ይመልሳል፦ «ጫማዬን አቧራ ነክቶታል»። ይህንኑ ይደጋግማሉ፤ ቃሉን የሚቀይሩት ከጓደኛቸው ፊት ወይም ድምፅ ላይ ለውጥ ሲያዩ ብቻ ነው። ሁለት ደቂቃ ይበቃል። የሚበላሸው ተማሪው ማሳቅ ሲጀምር ነው፤ ቀልድ ባሰበ ቅጽበት ጓደኛውን ማየት ያቆማል። ይህ ልምምድ አሰልቺ ነው ብለው የወጡ ነበሩ። የቀሩት ግን በመድረክ ላይ ጓደኛቸው መስመር ሲዘል እንኳ አልደነገጡም፤ የሚያዩት ሰውየውን እንጂ በጭንቅላታቸው ውስጥ ያለውን ወረቀት አልነበረምና።

ከዚያ ወደ ጽሑፍ ተገባ። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1898 የሞስኮ የጥበብ ቴአትርን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ የተወው ዘዴ ነው፦ ማን ነኝ፣ የት ነኝ፣ ሰዓቱ ስንት ነው፣ ከዚህ ሰው ምን እፈልጋለሁ፣ የሚያግደኝ ምንድን ነው፣ እሱን ለማግኘት ምን አደርጋለሁ? ሁሉም አባል ለሁለት ገጽ ትዕይንት እነዚህን በጽሑፍ ይመልሳል። አብዛኛው የሚሳሳተው የመጨረሻው ላይ ነው። «አዝናለሁ»፣ «እናደዳለሁ» ብሎ ይጽፋል። ስሜት ግን በትእዛዝ አይመጣም፤ ለማምጣት የሚታገል ልጅ ግንባሩን ይቋጥርና ባለበት ይቆማል። ያወጣነው መለኪያ ይህ ነው፦ ግሡ ሌላውን ሰው መያዝ አለበት። «አባብለዋለሁ»፣ «አሳፍራታለሁ»፣ «እለምናቸዋለሁ» ይሠራሉ፤ መጨረሻቸው ላይ የሚነካ ሰው አለ። ከግሡ ጫፍ ላይ ያ ሰው ከሌለ ተማሪው ከራሱ ጋር ብቻ ነው። ከዚያ ትዕይንቱ ግሡ በሚለወጥበት ቦታ ሁሉ በእርሳስ መስመር ይከፈላል፤ በሁለት ገጽ ከአምስት እስከ ስምንት ክፍል ተገቢ ነው። ከዚያ ከበዛ ልጁ ሐሳብ ሳይፈጽም እየዘለለ ነው።

የልቅሶ ጉዳይ ለብቻው ሊነሣ ይገባል፤ ወጣቶቻችን ጥሩ ተዋናይ ማለት እንባ የሚያፈስ ይመስላቸዋልና። በእውን ያዘነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚታገለው ላለማልቀስ ነው፤ ይናገራል፣ ነጠላውን ያስተካክላል፣ ሥራ ይፈልጋል። ያንን ትግል መሥራት ይቻላል፤ ተመልካቹንም የሚይዘው እሱ ነው። ሰካራም ሲጫወቱም እንዲሁ፤ ሰካራም ቀጥ ብሎ ለመሄድ የሚጠነቀቅ ሰው ነው። ሽማግሌ ሲሆን ደግሞ ሳልና ከዘራ ከመደርደር አንድ መገጣጠሚያ፣ ለምሳሌ የቀኝ ጉልበትን፣ መርጦ እሱን ብቻ ማሳመም ይበልጣል።

የቃል ጥናቱ መመሪያ አጭር ነበር፦ ያለ ዜማ አጥና። ቃሉን ከነ ድምፅ አወጣጡ የሸመደደ ልጅ ጓደኛው ምንም ቢለው ያችኑ ዜማ ይመልሳል። የጓደኛን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር አብሮ መያዝም ግዴታ ነው።

በ11ኛ ክፍል አባላት የተጻፈውና በግንቦት የቀረበው የ25 ደቂቃ ባለ አንድ ገቢር ተውኔት አራት ገጸ ባሕርያት አሉት፦ ትምህርቱን አቋርጦ ሥራ ሊገባ የተነሣ ልጅ፣ እናቱ፣ አያቱና ጎረቤት። ዋናው ችግር ከባህላችን የመጣ ነበር። ልጁ አያቱን «እርስዎ» እያለ ሲናገር እንደ ወጉ አንገቱን ይደፋል፤ ሲደፋ ደግሞ ዓይኑ ለተመልካች ይጠፋል። ወጉን መጣስ አልተፈለገም፤ ውሸት ይሆናልና። ልጁ የአያቱን እጅ እንዲያይ ተደረገ፤ የተቀመጠ ሰው እጅ ከጉልበት በላይ ስለሆነ የቆመው ልጅ ፊት ከፊል ይገለጣል። ዓይኑን ቀና የሚያደርገው «አልሄድም» በሚልበት አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ሌላ ጊዜ ሁሉ ስላልታየ ያ ቅጽበት ከበደ። የእናትየዋ ጀበናም በልምምድ ባዶ ሆኖ ሲነሣ ይበር ነበር፤ ውኃ ሲሞላበት የእጇ ክብደት ትክክል መጣ። ዕቃ ሁሉ በእውነተኛ ክብደቱ ቢቀርብ ተዋናዩ ስለ እሱ ማሰብ አይኖርበትም። ወሩም የተመረጠው በምክንያት ነው፤ በሰኔ ዝናብ ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ ሲወርድ የትኛውም ትንፋሽ አያሸንፈውም።

በትወና መቀጠል ለሚፈልጉ አባላት በሚያዝያ የካሜራ ልምምድ ተሰጥቷል። ለተዋናይ ምርጫ የሚላክ ቪዲዮ ሲቀረጽ ስልኩ ተጋድሞ በዓይን ቁመት ይቆማል፤ ከደረት በላይ ይታያል፤ የመስኮት ብርሃን ከፊት ይመጣል፣ ከኋላ ከመጣ ፊት ይጠቁራል። ሌላውን ገጸ ባሕርይ የሚያነብ ሰው ከስልኩ ጎን ሆኖ ዝቅ ባለ ድምፅ ያነባል፤ ተዋናዩ የሚያየው እሱን እንጂ ሌንሱን አይደለም። ለአዳራሽ የለመደው ድምፅና ቅንድብ እዚህ በጣም ይበዛል። በአዲስ አበባ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር፣ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊ ቴአትር፣ ራስ ቴአትር፣ የሕፃናትና ወጣቶች ቴአትር አሉ፤ ሄዶ ማየት፣ አንድን ተውኔት ሁለት ጊዜ ማየት፣ ሁለተኛውን ጊዜ የማይናገረውን ተዋናይ ብቻ መከታተል ትልቅ ትምህርት ነው። በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ለሚያስቡ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት አለ፤ ስለዚህ የ12ኛ ክፍል ፈተናን ችላ ብሎ ተዋናይ እሆናለሁ ማለት መንገድን በራስ እጅ መዝጋት ነው። ወላጆችም ይህን ይያዙልን፦ ለምርጫ ገንዘብ የሚጠይቅ አካል ተዋናይ እየፈለገ አይደለም። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ወደ ቀረጻ የሚሄደው ከአሳዳጊ ጋር ነው፤ ውልም ሳያነቡ አይፈረምም።

የሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ በጥቅምት የመጀመሪያ ሳምንት ይሆናል። የመግቢያ ፈተና የለም። አስታዋሽ (ቃሉ ለጠፋበት ተዋናይ መስመሩን የሚያቀብል)፣ የአልባሳትና የዕቃ ኃላፊ፣ የድምፅና የመብራት ሠራተኞች ስለሚያስፈልጉ መድረክ ላይ መውጣት የማይፈልጉም ይመዝገቡ። እርሳስ፣ ላጲስ፣ ደብተር፣ ለስላሳ ጫማና የውኃ ኮዳ ይዞ መምጣት ያስፈልጋል፤ ደብተሩ ሆድ ላይ ስለሚቀመጥ ስስ ቢሆን ይመረጣል።